«ልምምድ ቲያትር ነው» ላሉት አለቃ

የሌሊት ተረኛ፦
ትናንት የሆስፒታላችን የአስተዳደር ስብሰባ ላይ ተላክሁ። የክፍላችን ተጠሪ ስለቀረች ነው። አጀንዳ 4 ብዙ ቁስለኛ በአንዴ ለሚመጣበት ቀን ስለሚደረግ ልምምድ ነበር። አለቃችን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልምምድ ቲያትር ነው። ሠራተኛ የሚማረው በሥራ ላይ ነው።» አለቀ። 3 ደቂቃ አልሞላም። አጀንዳ 5 የመኪና ማቆሚያ ነበር፣ እሱ 40 ደቂቃ ፈጀ። እስካሁን ደሜ አልበረደም። ቲያትር?!

ዶክ ነኝ፦
ሲስተር፣ ሰውዬው ልክ ናቸው። እኔ ባለሁበት ሆስፒታል ባለፈው ዓመት የተደረገውን ልንገርሽ። ቀኑ ከ3 ሳምንት በፊት ተነገረን። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሁሉ በሞላበት። 12 ተማሪዎች ቀይ ቀለም ተቀብተው ግቢው ውስጥ ተኙ። አንዷ ጥቁር ካርድ (ሞታለች ማለት ነው) አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ስልኳን ትነካካለች። ፎቶ ተነሳን፣ ተጨበጨበ፣ ተበተንን። እውነተኛው ታካሚ ኮሪደር ላይ 2 ሰዓት ጠበቀ። ይሄ ቲያትር ካልሆነ ምን ትይዋለሽ?

ሳይረን፦
ሃሃ፣ ሞታም ስልክ አልለቀቀችም። ግን ዶክ፣ ያንተ ስሞታ በመጥፎ ልምምድ ላይ ነው። መጥፎ ስፌት ያየ ሰው ራቁቱን ልሂድ አይልም።

ዶክ ነኝ፦
ሁሉም መጥፎ ከሆነስ? ደህና ልምምድ ያየ እስቲ እጁን ያውጣ።

ቃለ ጉባኤ፦
እኔ ላውጣ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቦስተን፣ ሚያዝያ 2013፣ የማራቶኑ ፍንዳታ። 3 ሰው እዚያው ሞተ፣ ከ260 በላይ ቆሰለ። በሕይወት ሆስፒታል የደረሰ አንድም ሰው አልሞተም። አምቡላንሱም፣ ሆስፒታሎቹም፣ ፖሊሱም ከዚያ በፊት ለዓመታት አብረው ሲለማመዱ የኖሩ ናቸው። ቲያትር በለኛ።

ዶክ ነኝ፦
ቦስተንን ሁሉም ይጠቅሳል። ግማሹን ታሪክ ግን ይተዋል። ፍንዳታው የደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ተረኛ የሚቀያየርበት ሰዓት ነው፣ ወጪውም ገቢውም እዚያው ነበር። ቀኑ የበዓል ቀን ስለነበር ብዙው የቀዶ ሕክምና ክፍል ባዶ ነበር። ትልልቆቹ የአደጋ ሕክምና ማዕከሎች ደግሞ እዚያው አጠገብ ናቸው። በሌሊት 9 ሰዓት ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር።

ቃለ ጉባኤ፦
ዕድል የለበትም አላልኩም። ግን ዕድልም ያልተዘጋጀ ቤት ላይ አድሮ አይጠቅምም።

ዶክ ነኝ፦
ይሄ ፖስተር ላይ የሚጻፍ ነው። ማስረጃ አይደለም።

መጋረጃ፦
ስለ ሕክምና አላውቅም። ቲያትር ግን ሥራዬ ነው። «ቲያትር ነው» ብሎ ማናናቅ ከየት መጣ? ተዋናይ 2 ወር ሳይለማመድ መድረክ አይወጣም። ቃሉን የረሳ እንደሆነ ጓደኛው እንዴት እንደሚያነሳለት እንኳ ይለማመዳል። እናንተ በዓመት አንዴ ጠዋት 4 ሰዓት ቀለም ተቀብታችሁ ቲያትር ሠራን ካላችሁ እኛን ነው የሰደባችሁት።

ሳይረን፦
በዛሬው ውይይት እስካሁን የተሻለው ይሄ ነው።

ዶክ ነኝ፦
ጥሩ፣ ቃሉን ቀየርኩ። «ለይስሙላ» ልበለው። አሁን ስለ ፍሬ ነገሩ እናውራ? ሠራተኛ በሥራ ላይ ይማራል። እኔ ደም ማቆም የተማርኩት በተረኝነት ነው፣ በቀለም አይደለም።

የሌሊት ተረኛ፦
«በሥራ ላይ ይማራል» የምትሏት ነገር እኮ ናት ያበሳጨችኝ። ከቲያትሩም በላይ።

የሥራ ላይ ትምህርት ያስተማረኝን ልንገርህ ዶክተር። ከዓመታት በፊት ነው፣ ሌላ ሆስፒታል። አንድ አውቶብስ ተገለበጠ። ድንገተኛ ክፍል 2 ነርስና 1 ሐኪም ነበርን። የመጀመሪያው ቃሬዛ ላይ የነበረው ልጅ አይተነፍስም። እኔ ምን አደረግሁ? ለ9 ዓመት በየቀኑ የማደርገውን። ደረቱን መጫን ጀመርኩ። ላብ በላብ ሆኜ 20 ደቂቃ። ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ሰውዬ ነበር። ዝም ብሏል፣ አይጮህም። የሚጮሁት 6 ሰዎች ዙሪያዬን ስለነበሩ ማንም አላየውም። ዘወር ስል ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ትንፋሹን ብቆጥረው ኖሮ ቀይ ካርድ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚያገኝ፣ ነበር። በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ግን አልቆጠርኩም። ሥራ ያስተማረኝ ፊትሽ ላለው አንድ ሰው ያለሽን ሁሉ ስጪ ብሎ ነዋ። በዚያን ቀን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነበር። የአየር መንገዱን ክፈቺ፣ ካልተነፈሰ ጥቁር፣ እለፊ። ይሄን ሥራ አያስተምርም። እንዲያውም ያስረሳል።

ሳይረን፦
…

ዶክ ነኝ፦
ሲስተር፣ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። 1 ሐኪምና 2 ነርስ ለአንድ አውቶብስ ግን የልምምድ ችግር አይደለም። የሰው እጥረት ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ሰው ሲያንስ ነው እኮ ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው። ሰው ቢተርፍማ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አቆምለት ነበር።

ታዛቢ፦
ያ የካርድ አሠራር ራሱ ያረጀ አይደል? 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ ነው። አንድ ሆስፒታልና አንድ የእሳት አደጋ መምሪያ አብረው የሠሩት። ዛሬም በዚያው እንሂድ?

ቃለ ጉባኤ፦
አረጀ ብለህ የምታመጣው ምንድን ነው? እስትንፋስ፣ የደም ዝውውር፣ ትእዛዝ መቀበል። ለአንድ ሰው ከ1 ደቂቃ በታች። ማሽን አይፈልግም። የሰው ልጅ ከ1983 ወዲህ አዲስ ሳንባ አላወጣም።

ታዛቢ፦
ልጆች ላይ አይሠራም። ልጅ በተፈጥሮው ፈጥኖ ይተነፍሳል፣ ሁሉንም ቀይ ታደርጋቸዋለህ።

ቃለ ጉባኤ፦
ለልጆች ራሱን የቻለ አሠራር አለው። ይሄንንም በልምምድ ነው የምታውቀው ልበል ወይስ ይቅር?

በር 2፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጥበቃ ነኝ። የሆስፒታል በር ላይ 11 ዓመት ቆሜያለሁ። ልምምድ በተደረገ ቀን «አባት፣ ከመንገዱ ዞር በሉልን» ተባልኩ። ዞር አልኩ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ግን በሩ ላይ ማን ነበር? እኔ። 30 ዘመድ በአንዴ ይገፋል። ቁስለኛ በታክሲ ይመጣል፣ በፒካፕ ይመጣል፣ በሰው ትከሻ ይመጣል። አምቡላንሱ መውጫ አጥቶ ይጮሃል። ማን ይግባ ማን ይቆይ የሚለውን በዚያች ሰዓት የምወስነው እኔ ነኝ። ስለ ቀይና ቢጫ ካርድ የነገረኝ ሰው የለም። ዛሬ እናንተ ስትከራከሩ ነው የሰማሁት።

ሳይረን፦
ጋሼ፣ ይህን ውይይት እርስዎ መክፈት ነበረብዎት። ዶክ፣ ስማ። ላስ ቬጋስ 2017፣ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተኩስ ተከፍቶ አንድ ሆስፒታል ብቻ ከ200 በላይ ቁስለኛ ተቀበለ። ብዙዎቹ የመጡት በሰው መኪና ነው። አምቡላንስ አልጠበቁም። ወረቀት ላይ ያለው ዕቅድ ግን ሁሌ «አምቡላንስ ያመጣል፣ አስቀድሞ በሬዲዮ ያሳውቃል» ይላል።

ዶክ ነኝ፦
ባለ አምቡላንሶች አስቀድማችሁ የምታሳውቁት መቼ ነው? እኛ የምናውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

ሳይረን፦
ሬዲዮውን የሚያነሳ ሰው ሲኖር ነዋ! እናንተ ቤት ያለው ሬዲዮ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?

ዶክ ነኝ፦
ቁስለኛውን ያለ ወረቀት ጥላችሁ የምትሮጡትስ?

ሳይረን፦
ቃሬዛችንን ይዛችሁ የምትቀሩትስ? 3 ቃሬዛ እናንተ ኮሪደር ላይ አልጋ ሆኖ ቀርቷል።

ቃለ ጉባኤ፦
ይሄ ጠብ ልምምድ ላይ ቢሆን ኖሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝለት ነበር።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ቶኪዮ 1995፣ በምድር ውስጥ ባቡር የተለቀቀው ሳሪን የተባለ የነርቭ መርዝ። ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል በመጀመሪያው ቀን ብቻ 640 ሰው ተቀበለ። ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ሳይታጠቡ ገቡ። ከልብሳቸው በሚወጣው ትነት ሠራተኛው ራሱ ታመመ። ከ5 አንዱ በላይ ምልክት አሳየ። እነዚህ የሠለጠኑ ሐኪሞች ናቸው። በሥራ ላይ የተማሩ። ሥራ ግን ሳሪን አምጥቶላቸው አያውቅም ነበር።

ዶክ ነኝ፦
አንተ ለልምምድ የሚመቸውን እየመረጥክ ነው። ማንችስተርን ለምን ዘለልከው? ግንቦት 2017፣ የሙዚቃ ድግስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 22 ሰው ሞተ። ከዚያ 1 ዓመት ቀደም ብሎ ትልቅ ልምምድ አድርገው ነበር። ምን ፈየደ? እሳት አደጋዎቹ ቦታው የደረሱት ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። 2 ሰዓት!

ቃለ ጉባኤ፦
ማንችስተርን ስላነሳህልኝ አመሰግናለሁ። በ2016ቱ ልምምድ ምን ታየ? አስተባባሪው የፖሊስ ኃላፊ በሥራ ተወጠረና ከሌሎቹ አገልግሎቶች ጋር መገናኘቱ ተጓተተ። በ2017 ምን ሆነ? ያው። መርማሪ ጉባኤው ይህንኑ ነው የጻፈው። ልምምዱ ቀዳዳውን በጣቱ አሳይቶ ነበር። የደፈነው የለም።

ዶክ ነኝ፦
እኔስ ሌላ ምን አልኩ? ማንም የማይደፍነውን ቀዳዳ በየዓመቱ እየዞርን መጎብኘት ነው። ለዚህ ነው ቲያትር የሆነው።

መጋረጃ፦
ኧረ ቃሉን ቀይረህ ነበር!

የሌሊት ተረኛ፦
ቆይ ዶክተር፣ እንግዲያው ተስማማን ማለት ነው። ችግሩ ከልምምዱ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አለቃችን ግን ያሉት «ቀዳዳው ይደፈን» አይደለም። «አንመልከተው» ነው ያሉት።

ዶክ ነኝ፦
አልተስማማንም። ለልምምዱ የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይሂድ ነው የምለው። የጄኔሬተር ነዳጅ ይገዛ። ኦክስጅን ይሞላ።

ቃለ ጉባኤ፦
ጄኔሬተርን አነሳህ። 2012፣ ኒው ዮርክ፣ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ። የቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተር 13ኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ጎርፍ እንዳይደርስበት ተብሎ። ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበር። ምድር ቤቱ በውሃ ተሞላ። ሰው ደረጃ ላይ ተሰልፎ ነዳጁን በእጁ እየተቀባበለ 13ኛ ፎቅ አወጣው። ነዳጅ ነበራቸው እኮ! ነዳጁ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ታዛቢ፦
አሜሪካኖች ሕግ አላቸው። በመንግሥት የጤና መድን የሚከፈላቸው ሆስፒታሎች ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓመት 2 ልምምድ ግዴታ ነው። እውነተኛ አደጋ ገጥሟቸው ዕቅዳቸውን ሥራ ላይ ካዋሉ ደግሞ የሚቀጥለው ትልቁ ልምምድ ይቀርላቸዋል። ሕግ ካልሆነ ማንም አያደርገውም።

ዶክ ነኝ፦
ሕግ ሲሆን ደግሞ ፊርማ ይሆናል። «በወሩ 14ኛ ቀን ተከናውኗል፣ ፎቶ ተያይዟል።»

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ የምለው ሳይነገር ይደረግ ነው። ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ይታይ።

ዶክ ነኝ፦
በፍጹም! ሌሊት 8 ሰዓት ጽኑ ሕሙማን ክፍል 1 ነርስ ናት ያለችው። «ብዙ ቁስለኛ መጣ» ብለሽ ጠርተሻት ብትሮጥ፣ ማሽን ላይ ያለውን ታካሚ ማን ያያል? ልምምድ ሰው ከገደለ ምን ትያለሽ?

የሌሊት ተረኛ፦
ለ2 እና 3 ሰው ይነገራል፣ ለሌላው አይነገርም። ጽኑ ሕሙማን አይነካም። በመሐል በእውነት የወደቀ ሰው ካለ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቃል ይኖራል፣ እሱ ሲባል ልምምዱ ይቆማል። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም።

ዶክ ነኝ፦
ወረቀት ላይ ያምራል።

በር 2፦
እሱ 2 እና 3 ሰው ውስጥ ጥበቃ አለበት?

ሳይረን፦
እስቲ ያለ ቀለም፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ በጀት የሚደረግ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈች የአደጋ ጊዜ የስልክ ዝርዝር አለች አይደል? ዛሬ ማታ ደውሉ። ሁሉም ላይ። ውጤቱን ነገ እዚህ ጻፉ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከመባሉ በፊት።

ዶክ ነኝ፦
ይሄ ልምምድ ነው? ስልክ መደወል ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ተረኛ ነኝ ዛሬ። እደውላለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
ደወልኩ። 18 ቁጥር ነው። 6ቱ አገልግሎት አይሰጡም። 3ቱ አያነሱም። 2ቱ ባለቤት ቀይረዋል፣ አንዷ ሴትዮ «ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከዚህ በፊትም ነግሬያችኋለሁ» ብላ ዘጋችብኝ። 7 ሰው አነሳ። ከ7ቱ አንዱ ዝርዝሩ አናት ላይ ያሉት የድሮው አለቃችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ 4 ዓመታቸው ነው። በሁለተኛው ጥሪ አነሱ። «ብዙ ቁስለኛ ቢመጣ ብለን ቁጥሩን እያጣራን ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልምጣ?» አሉኝ።

ዶክ ነኝ፦
ሽማግሌውን ከእንቅልፍ ቀሰቀስሽ እንግዲህ። ቲያትር ማለት ይሄ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
እንዳይመጡ ስለምናቸው ነው ሰዓቱን የፈጀሁት። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

በር 2፦
ቢመጡ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቁ ነበር። የእኛ ዝርዝር ላይ የሉም።