የባዮሴንሰር ዶክትሬት ማመልከቻዬን ቅጹ አልቀበልም ብሎኛል፤ ነገ ይዘጋል

የጎንደሯ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚደግፈው በማሪ ስክዎዶቭስካ-ኪዩሪ የዶክትሬት መረብ ሥር ለወጣ የምርምር ቦታ ላመለክት ሰነዶቼን በሙሉ ባስገባም፣ ቅጹ ብቁ አይደሉም እያለ ይመልሰኛል። ሥራው በወተት ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝን የሚለይ ኤሌክትሮድ (የባዮሴንሰር፣ ማለትም ንጥረ ነገርን በኢንዛይም ወይም በመሰል ሕይወታዊ ሞለኪውል የሚለይ መሣሪያ፣ አካል) ማበልጸግ ሲሆን፣ የማስተርስ ጥናቴም በዚሁ ላይ ነው። ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋልና እባካችሁ ድረሱልኝ።

ዳሞት፦ የሰነዱ መጠን በዝቶ ሊሆን ይችላል። ያሳንሱትና በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ተመራማሪው ክላርክና ባልደረባው በ1962 እ.ኤ.አ. የግሉኮስ ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር ካገናኙበት ጊዜ ጀምሮ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ፈተና በላቦራቶሪ ከተዘጋጀ ንጹሕ ፈሳሽ ወጥቶ በእውነተኛ ናሙና ላይ መሥራት ነው፤ የወተት ስብና ፕሮቲን የኤሌክትሮዱን ገጽ እየሸፈነ ምልክቱን ያዳክመዋል። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ውስጥ ለአፍላቶክሲን ኤም 1 (ላም የተበከለ መኖ ስትበላ ወደ ወተቷ ለሚገባው የመርዙ ዓይነት) የፈቀደው በኪሎግራም 0.05 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ የማመልከቻ ደብዳቤሽ ኤሌክትሮድሽ በወተት ላይ እዚህ መጠን መድረስ አለመድረሱን በመጀመሪያው አንቀጽ ይናገር።

አድማሱ፦ እኔ ግን ጥድፊያው አልገባኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኬሚስትሪ ዶክትሬት ይሰጣል፤ አፍላቶክሲኑን ወደ ወተቱ የሚያመጣው የኑግ ፋጉሎም ያለው በእኛ አገር የከብት ግርግም ውስጥ ነው።

የጎንደሯ፦ ጋሽ አድማሱ፣ እኔም የተነሣሁት ከዚያው ፋጉሎ ነው፤ ዘዴውን ተምሬ ወደዚያው ልመልሰው እፈልጋለሁ። ብራውዘሩን ቀይሬአለሁ፣ ሰነዱንም አሳንሻለሁ፤ ለውጥ የለም።

ከድሬስደን፦ እኅቴ፣ ላለፉት 3 ዓመታት የኖሩት የት ነው? ቦታው የወጣውስ በየት አገር ነው?

የጎንደሯ፦ ሁለቱም ጣሊያን ነው። ለማስተርስ ከመጣሁ 2 ዓመት ሆኖኛል። ይህ ከቅጹ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላልገመትኩ አልጻፍኩትም።

ዳሞት፦ ከስልክ ሳይሆን ከኮምፒውተር ቢሞክሩት ይሻላል።

ከድሬስደን፦ ቅጹ አልተበላሸም። በዚህ መርሐ ግብር ከቅጥሩ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወራት በላይ የኖረ፣ የሠራ ወይም የተማረ ሰው አይቀጠርም፤ አጭር የዕረፍት ቆይታና የስደተኝነት ጥያቄ ሲታይ ያለፈ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ዜግነትዎ እንቅፋት አይሆንም። የመኖሪያ ቀኑን ለውጦ መሙላት ግን በቅጥር ጊዜ ስለሚጣራ ፈጽሞ አይሞክሩት። አንድ መረብ በበርካታ አገሮች ያሉ ተቋማትን ስለሚያቅፍ፣ ከዚያው ማስታወቂያ ከጣሊያን ውጭ ያሉትን ቦታዎች ይመልከቱ፤ ኤሌክትሮድ ላይ የሚሠራ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። ጣሊያን ውስጥ መቆየት ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በውድድር የሚሰጡት ዶክትሬት ይህ ገደብ የለበትም።

መምህሩ፦ ቦታው ሲቀየር ደብዳቤውም ለአዲሱ አማካሪ ሥራ እንዲስማማ ተደርጎ እንደገና ይጻፍ፤ ስም ብቻ መቀየር አይበቃም።

ከድሬስደን፦ ያገኙትን ቦታ ርዕስ እዚህ ይጻፉልን። ደብዳቤዎን እስከ እኩለ ሌሊት ካደረሱኝ አነብልዎታለሁ።