ግማሽ ቀን ስላጎደልኩ ሰርተፊኬት ተከለከልኩ፤ የተከታተልኩት ሰዓትስ?

ሲስተም_ኦዲት

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሲስተም ኦዲት ላይ ነው፣ ሲሳ (CISA፣ የመረጃ ሥርዓት ኦዲተሮች የሙያ ማረጋገጫ) አለኝ። ሲሳ ያላችሁ እንደምታውቁት በዓመት ቢያንስ 20፣ በሦስት ዓመት ደግሞ በድምሩ 120 ሰዓት የተከታታይ ትምህርት ማሟላት ግዴታ ነው። የእኔ ሦስት ዓመት ዘንድሮ ያልቃል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቴን ጠይቄ የሁለት ቀን ኮንፈረንስ ተከፈለልኝ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «14 ሰዓት» ይላል።

የመጀመሪያውን ቀን ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ተቀምጬ ተከታተልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱን ክፍለ ጊዜ እንደጨረስኩ ከቢሮ ተደወለ። ሲስተም ወድቋል፣ አለቃዬም «አሁኑኑ ና» አለ። ኮንፈረንሱን ያስፈቀደልኝ እሱ፣ የጠራኝም እሱ፤ ምን ልበል፣ ሄድኩ። በሩ ላይ ባጄን ስካን አድርገው አስወጡኝ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

በኋላ ሰርተፊኬቴን ስጠይቅ «ሙሉ ፕሮግራሙን ላልተከታተለ ተሳታፊ ሰርተፊኬት አይሰጥም» የሚል ባለ አንድ መስመር ኢሜይል መጣልኝ። እሺ፣ የተከታተልኩትን ያህል ስጡኝ ብዬ ብጽፍም ያው መልስ ነው። በዕለቱም የሥራ ባልደረባዬ በእኔ ቦታ ገብታ የከሰዓቱን ትጨርስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ «የስም ለውጥ ጊዜው አልፏል» ብለው ከለከሉ። አለቃዬ ደግሞ አሁን «ታዲያ ገንዘቡን ይመልሱልን» ይላል።

ቁርጡን ንገሩኝ። ሰርተፊኬት ካልሰጡኝ የተቀመጥኩበት ሰዓት ሁሉ ቀልጦ ቀረ ማለት ነው? እንዲህ ያለ ደንብስ የተለመደ ነው? ሰው ከመክፈሉ በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት የምታውቁ ካላችሁም ጻፉልን፣ ሥራ ላይ ሆኖ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር ነው።

ኦዲተሯ

ወንድሜ መጀመሪያ ተረጋጋ። ሰርተፊኬት ማጣትና ሰዓት ማጣት ለየቅል ናቸው።

ሰዓቱን የሚቆጥርልህ አዘጋጁ አይደለም። ሲሳን የሰጠህ ድርጅት ነው። አዘጋጁ ሥራው መገኘትህን መመስከር ብቻ ነው። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ ማስረጃው የግድ ሰርተፊኬት ይሁን አይልም። ደብዳቤ ይሆናል፣ የአቴንዳንስ ዝርዝር ይሆናል፣ ድርጅቱ ራሱ ያዘጋጀው የመገኘት ማረጋገጫ ቅጽም አለ፣ አዘጋጁ ሞልቶ ይፈርምበታል። ማስረጃው ላይ መኖር ያለበት ያንተ ስም፣ የአዘጋጁ ስም፣ የፕሮግራሙ ርዕስና ይዘት፣ ቀኑ እና የሰዓቱ ብዛት ነው። ስለዚህ «ሰርተፊኬት ስጡኝ» ማለትህን ተው። «ከዚህ እስከዚህ መገኘቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡኝ» በላቸው። ስትወጣ ባጅህን ስካን አድርገዋል ብለሃል አይደል? እንግዲያው መረጃው እጃቸው ላይ አለ።

ሒሳቡን ደግሞ አብረን እንሥራው። 50 ደቂቃ አንድ ሰዓት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ምሳና የሻይ እረፍት አይገባም። 14 ሰዓት ካሉ ለሁለቱ ቀን 700 ደቂቃ አስበዋል ማለት ነው፣ በቀን 350 ቢሆን የመጀመሪያው ቀን 7 ሰዓት ሞልቶልሃል። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች 75፣ 75 ደቂቃ ከነበሩ 150 ደቂቃ ነው፣ 3 ሰዓት። በድምሩ 10። ቁጥሩ እንዲህ ድፍን ሆኖ ባይመጣም ችግር የለም፣ በሩብ ሰዓት እየሸነሸኑ መመዝገብ ይፈቀዳል። ፕሮግራሙን አውጣና ደቂቃውን በትክክል ደምር።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። 14 ብለህ እንዳትሞላ። ድርጅቱ በዕጣ እየመረጠ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ያን ጊዜ የባጁ ስካንና ያንተ ቁጥር ካልገጠሙ ነገሩ የአራት ሰዓት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል። እኛ ደግሞ ኦዲተሮች ነን። ወረቀትህንም የሦስት ዓመቱ ዙር ካለቀ በኋላ ቢያንስ 12 ወር አስቀምጥ።

ዝግጅት_አስተባባሪ

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። ለባለሙያዎች ሥልጠናና ኮንፈረንስ ማስተባበር ሥራዬ ነው። ስለዚህ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳ፣ ያጠፉበትንም ጭምር እናገራለሁ።

ስም መቀየር ላይ ልክ ናቸው። ከዝግጅቱ በፊት ቢሆን ብዙዎቻችን ያለ ምንም ክፍያ ስም እንቀይራለን፣ ለሚቀር ሰውም ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ እሱ ነው። ግን አንዴ ገብተህ ባጁ በአንተ ስም ስካን ከተደረገ በኋላ ሌላ ሰው ይጨርስልኝ ማለት አይሠራም። ሰዓቱ የወንበሩ አይደለም፣ የሰውየው ነው። የሁለት ሰው ጆሮ ተደምሮ አንድ ሰርተፊኬት አይወጣም።

ገንዘብም ላይ ቢሆን አትድከም። ከግማሽ በላይ ተከታትለሃል። አዳራሹን፣ ምግቡን፣ የተናጋሪዎቹን ጉዞ አስቀድመን ነው የምንከፍለው፤ ለምግብ አቅራቢው የሰው ቁጥር ከሰጠን በኋላ አንድ ሰው ቢቀር ወጪው አይቀንስልንም። «ከዚህ ቀን በፊት ከሰረዙ ሙሉው፣ ከዚያ በኋላ ግማሹ፣ በመጨረሻው ሳምንት ምንም» የሚል ደንብ በየቦታው የምታዩት ለዚህ ነው። ቀኖቹ ይለያያሉ እንጂ አካሄዱ አንድ ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም። ሙሉውን ላልተከታተለ ምንም አልሰጥም የሚል አዘጋጅ አለ፣ መብቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ሰው ከመክፈሉ በፊት ማወቅ ነበረበት። ናስባ የሚባለው የአሜሪካ የሒሳብ ሙያ ቦርዶች ማኅበር ለምሳሌ እሱ ዘንድ የተመዘገበ አዘጋጅ የገንዘብ መመለሻ፣ የአቤቱታና የስረዛ ደንቡን አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የተሳታፊዎችንም መዝገብ አምስት ዓመት መያዝ አለበት። በዚያ ደንብ የማይተዳደር አዘጋጅ እንኳ ይህን ቢያደርግ ምንም አይጎዳውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ምዝገባው ላይ ያልተጻፈ ደንብ በኋላ በኢሜይል ሲመጣ እኔም ብሆን እናደዳለሁ። የተመዘገብክበትን ገጽ ተመልሰህ አንብብ። ከፊል ተሳትፎን የሚከለክል ቃል ከሌለ እሱን ጠቅሰህ ጻፍላቸው፣ መልስ ለሚሰጥህ ሠራተኛ ሳይሆን አቤቱታ ለሚቀበለው ክፍል።

ዌቢናር (በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሰጥ ሥልጠና) ለሚወዱም አንድ ነገር ልጨምር፣ በየጊዜው የሚያጣላን እሱ ስለሆነ። ሁለት ባልደረቦች በአንድ ኮምፒውተር አብረው ያዩና ሁለቱም ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ። እኛ ጋ የሚታየን አንድ ስም ነው። በናስባ ደንብ በቀጥታ በሚተላለፍ ትምህርት ላይ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ ሦስት ጥያቄ በመሃል ብቅ ይላል፣ መመለስ አለባችሁ፣ ድምፁን ከፍታችሁ ሌላ ሥራ ስትሠሩ ጥያቄው ካለፈ መገኘታችሁ አይመዘገብም። እኔም በዚህ አልፈርድም፣ ሰው ከሥራ ጋር እያጣበቀ ነው የሚማረው። ግን ጥያቄውን ያልመለሰን ሰው ተገኝቷል ብዬ መፈረም አልችልም። ለየብቻ ተመዝገቡ፣ ለየብቻ ግቡ።

ሲስተም_ኦዲት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ የ50 ደቂቃውን ነገር በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ፕሮግራሙን አውጥቼ ደመርኩት፣ በትክክል 10 ይመጣል።

ደንቡንም ተመልሼ አነበብኩት። ስለ ገንዘብ መመለስ አለ። ስለ ስም ለውጥ አለ። ተናጋሪ ሊቀየር እንደሚችል አለ፣ ፎቶ እንደምንነሳ አለ። ስለ ከፊል ተሳትፎ አንድም ቃል የለም። ገንዘቡን ትቼዋለሁ፣ ለአለቃዬም አስረዳዋለሁ። አሁን የጨነቀኝ ቀሪው 4 ሰዓት ነው። የከሰዓቱን ቀረጻ ስጡኝ ብል ይቆጠርልኛል?

ፕሮጀክት_ላይ

ስለ ቀረጻው ካነሳህ አይቀር፣ በናስባ ደንብ ቀረጻ ለብቻ ቁጭ ብሎ ማየት በቀጥታ ከመገኘት ጋር አንድ አይደለም። ራስን በራስ ማስተማር ውስጥ ነው የሚገባው፣ መጨረሻ ላይም ፈተና ይኖረዋል፣ 70 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ፈተና የሌለው ቀረጻ ለእውቀትህ ይጠቅማል፣ ለወረቀትህ ግን ያንተን ድርጅት ደንብ ሳታይ አትተማመንበት።

እኔ ፒኤምፒ (የፕሮጀክት አስተዳደር የሙያ ማረጋገጫ ያለኝ) ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ኤሲሲኤ (የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አባል)። ሁለታችንም በየራሳችን ደንብ ስንሯሯጥ አንዱ ያለው ለሌላው እንደማይሠራ በደንብ ገብቶናል። የእኔ በሦስት ዓመት 60 ፒዲዩ (የሙያ ማሻሻያ መቁጠሪያ ነጥብ) ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 35ቱ ትምህርት መሆን አለበት፣ ሙያውን ለሌላ በማካፈል የሚገኘው ከ25 አይበልጥም። በመጨረሻው ዓመት ከ60 በላይ ከሠራሁ እስከ 20 ድረስ ወደሚቀጥለው ዙር ይሻገርልኛል። የእሷ በየዓመቱ 40 ዩኒት ነው፣ ከዚያ 21ዱ በማስረጃ የሚረጋገጥ መሆን አለበት። የሚረጋገጥ የሚባለው ምን እንደሆነ ሲያስቀምጡት በጣም ደስ ይለኛል፤ ከሥራህ ጋር ይገናኛል ወይ? ሥራ ላይ እንዴት እንደምትጠቀምበት ማስረዳት ትችላለህ ወይ? ማስረጃ አለህ ወይ? ሦስቱንም አዎ ካልክ ይበቃል። በዚህ መለኪያ ያለ ሰርተፊኬት የሚያልፍ ብዙ ነገር አለ።

ትልቁ ነገር ግን አለቃህ ጋ ነው ያለው። ሁላችንም ስለ አዘጋጁ ደንብ እናወራለን፣ የሚያስወጣን ግን የራሳችን መሥሪያ ቤት ነው። እኛ ቡድን ውስጥ ማንኛችንም ከመመዝገባችን በፊት ለአለቃችን አጭር ኢሜይል እንጽፋለን። ሥልጠናው መቼ እንደሆነ፣ በዚያን ቀን ስልክ የሚያነሳው ተተኪ ማን እንደሆነ፣ እንድወጣ ከተፈለገ ደግሞ የጎደለኝን ሰዓት በሌላ ሥልጠና መሥሪያ ቤቱ እንደሚያሟላልኝ። አለቃ ሲቀየር እንኳ ኢሜይሉ ይኖራል። ብዙ ቦታ የሥልጠና ቀን እንደ እረፍት ቀን ነው የሚታየው፣ ሰውየው ነፃ ነው ተብሎ ይደወልለታል። የሥራ ቀን ነው። እንደ ሥራ ቀን መከበር አለበት።

የሆስፒታል_ሰው

በእኛ በሐኪሞቹ በኩል ያለውን ልጨምር፣ ኦዲተሯ ያለችውን የሚያጠናክር ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ክሬዲት (ለተከታታይ ትምህርት የሚቆጠር ነጥብ) ያለው ማንኛውም ፕሮግራም ላይ አንድ የማይቀር ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሐኪሙ ክሬዲት መጠየቅ ያለበት በተሳተፈበት መጠን ብቻ ነው ይላል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው። ከዚያ በታች መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማንም አያፍርበትም።

ሌላው ሰው የማያስተውለው፣ ኮንፈረንስ ላይ ያለ ሁሉ ክሬዲት የለውም። በሕክምናው ዕውቅና የሚሰጠው አካል ትምህርቱንና የኩባንያዎችን ማስታወቂያ በግልጽ እንዲለያዩ ያዛል። መድኃኒት የሚያመርት ወይም የሚሸጥ ኩባንያ የትምህርቱን ይዘት መወሰን አይችልም። እና በምሳ ሰዓት ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀው ንግግር ላይ ተቀምጠህ ሙሉ ሰዓት አዳምጠህ ዜሮ ልታገኝ ትችላለህ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲደርሰኝ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ጎን ክሬዲት መጻፉን አያለሁ። ካልተጻፈ ከመክፈሌ በፊት እጠይቃለሁ፣ አብሬም አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ «ድንገተኛ ታካሚ መጥቶብኝ ብወጣ የተከታተልኩት ይቆጠርልኛል ወይ?» ብዬ። መልሱን በኢሜይል ነው የምቀበለው፣ በስልክ ከነገሩኝም «በስልክ እንደተነጋገርነው» ብዬ መልሼ እጽፍላቸዋለሁ።

ሲስተም_ኦዲት

ዶክተር አመሰግናለሁ፣ የመጨረሻዋን ሐሳብ ወስጃለሁ። ለአዘጋጁ የአቤቱታ ክፍል ልልክ ያዘጋጀሁት ይኸውና፣ ከመላኬ በፊት እዩልኝ፦

«በኮንፈረንሳችሁ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ፣ የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተከታትያለሁ። የባጅ ስካን መዝገባችሁ ይህን ያሳያል። በምዝገባ ጊዜ የተቀበልኩት ደንብ ከፊል ተሳትፎን አይከለክልም። የምጠይቀው የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት አይደለም። የተከታተልኩት 500 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት፣ መሆኑን የሚገልጽ የመገኘት ማረጋገጫ እንድትፈርሙልኝ ነው። ቅጹን አያይዣለሁ።»

ኦዲተሯ

በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጨምር። የተከታተልካቸውን ክፍለ ጊዜዎች ርዕስ ከነደቂቃቸው ዘርዝር፣ ፈራሚው ራሱ ሒሳብ መሥራት እንዳይኖርበት። ሌላው፣ ቅጹን ባዶውን አትላክ፣ ስምህን፣ ቀኑንና 10 ሰዓቱን ሞልተህ ለእነሱ የፊርማ ቦታ ብቻ ተውላቸው። ለቀሪው 4 ሰዓት ዙሩ ሳያልቅ አጭር የቀጥታ ዌቢናር ፈልግ፣ ሲሳን የሚሰጠው ድርጅት ራሱ ለአባላቱ ያለ ክፍያ የሚያዘጋጃቸው አሉ።