በካውያ የተተኮሰ የሚመስለው ሞስ ምን ይባላል?

የሌሊት ተረኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት አካባቢ ነው። ነርስ ነኝ፤ እሑድ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባቡር ይዤ ወደ ባድ ኡራኽ ፏፏቴ እሄዳለሁ። ጫካው ውስጥ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ አንድ ሞስ፣ ያ ድንጋይና ግንድ የሚያለብሰው ትንሽ አረንጓዴ ተክል፣ አይቼ ልቤን ወሰደው። ዘንጉ እንደ ላባ ጠፍጣፋ ነው፤ በካውያ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን እያንዳንዷ ቅጠል በአግድም ተሸብሽባለች፣ ልክ ተጨምቆ እንደተሰጣ ነጠላ። በቢች ዛፍ ግንድ ላይም አለ። እናቴ በስልክ ሳሳያት «የዛፍ ሽበት ነው፣ ዛፉን እየጠባ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞስ ቄጠማ በሌለበት አገር ለቡና ብጎዘጉዘው ነውር ይሆናል?

ጡረተኛው የደን ባለሙያ፦
እኅቴ፣ እሱ ኔኬራ ነው። ሽብሽቡ «ክሪስፓ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይናገራል፤ የኖራ ድንጋይና ጥላ ይወዳል። ስሙን የሞስ ተመራማሪው ሄድቪግ እ.ኤ.አ. በ1801 ያወጣለት በማንሃይም ቤተ መንግሥት ለነበረው የዕፅዋት ሊቅ ለኔከር መታሰቢያ ነው። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ክሪስፓን ወደ ሌላ ወገን አዛውረውታል፤ እኔ በእርጅናዬ ስም አልቀይርም። ቅጠሎቹ የሚበቅሉት በዘንጉ ዙሪያ ነው፤ በኋላ ግን ግራና ቀኝ ስለሚተኙ ነው ጠፍጣፋ የሚመስለው። ለእናትሽ ግን ንገሪያት፦ ሞስ ሥር የለውም፤ ዛፉን የሚይዘው ላለመውደቅ ብቻ ነው። ውኃውን ከዝናብና ከጉም በቅጠሉ ይጠጣል። እሷ የምትለው፣ ባሌ ላይ ከኮሶ ዛፍ የሚንጠለጠለው ግራጫው ሽበት፣ ሞስ ሳይሆን ሊቸን ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ማለት ነው። እሱም ዛፍ አይጠባም። ጉዝጓዙን ተይው፤ አካባቢው ጥብቅ ነው።

ከቦልዛኖ፣ ጣሊያን፦
እዚህ ከተማችን ሙዚየም ውስጥ ያለውን የበረዶ ሰው፣ ኦትዚን፣ በረዶ ውስጥ ተጠብቆ የቆየውን የጥንት ሰው አስከሬን፣ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከበረዶ ሲወጣ የዚሁ ሞስ ዘመድ፣ ቅጠሉ ያልተሸበሸበው ኔኬራ፣ ልብሱ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሞሱ በዚያ ከፍታ አይበቅልም፤ ሰውየው ከደቡብ ሸለቆ ተነሥቶ እንደወጣ ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ሆኗል። አንጀቱም ውስጥ ተገኝቷል፤ ምግቡን ጠቅልሎበት ይሆናል ይላሉ። ከ5,000 ዓመት በፊት ጉዝጓዝ ሳይሆን እንደ ኮባ ቅጠል አገልግሎ ይሆናል ማለት ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ጋሼ፣ ልናዘዝ። ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ የወደቀ አንድ ቁራጭ በጋዝ ጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ረስቼው ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አሁን መልስዎን አንብቤ ሲኒ ውስጥ አድርጌ ውኃ ረጨሁበት፤ ቡናው ሳይፈላ አረንጓዴነቱ ተመለሰ፣ ሽብሽቡ ግን አልተዘረጋም። እሑድ እመልሰዋለሁ። ለቡናው የፕላስቲኩን ሣር አነጥፋለሁ።