ኮስተር ብሎ ማሳቅ፦ የአምስት ምሽቱ የፊልም ፕሮግራም የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
እንዴት ዋላችሁ? ባለፈው በቃል የተባባልነውን አሁን በጽሑፍ እናድርገው። የፊንላንዱ ዳይሬክተር አኪ ካውሪስማኪ ፊልሞች፣ አምስት ምሽት። መሪ ሐሳቡ ተዋናዮቹን እንዴት እንደሚመርጥና ኮሜዲውን ከማን እንደወረሰ ነው። ዕቅዱን እዚሁ አብረን እንጽፍና ለሥራ አስፈጻሚው እናስገባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ይሁን፣ ኋላ እንዳንደናበር።

የእኔ ረቂቅ በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፦ «ጥላዎች በገነት» (1986)፣ «አሪየል» (1988)፣ «የክብሪት ፋብሪካዋ ልጅ» (1990)፣ «ያለፈ ታሪክ የሌለው ሰው» (2002)፣ «የረገፉ ቅጠሎች» (2023)። ከየፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ውይይት።

እንዳትራሩልኝ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ አልራራም። ዝርዝሩ ደህና ነው፣ ግን የማንም ዝርዝር ነው። የዳይሬክተሩን ስም የፈለገ ሰው በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል። የምናወራው ስለ ተዋናይ ምርጫ ከሆነ ፊልሞቹን ዓመት አያሰልፋቸው፤ ፊት ያሰልፋቸው። በየምሽቱ አንድ ፊት ይዘን «ይህን ሰው ለምን መረጠው? ሳቁስ ከየት መጣ?» እንበል። የመጀመሪያው ማቲ ፔሎንፓ ነው፤ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

አንጋፋ አባል፦
ማን ይከራከራል! ፔሎንፓን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። የተንጠለጠለ ጺም፣ ወደ ኋላ የተለጠፈ ፀጉር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ የሚመስል ዓይን። «ጥላዎች በገነት» ላይ ኒካንደር የሚባል የቆሻሻ መኪና ሹፌር ነው። የሱፐርማርኬት ሒሳብ ተቀባይዋን ኢሎናን ይወዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋብዛት የት ይወስዳታል? ቢንጎ አዳራሽ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን እዚያ ላይ ዓይኑን ያጉረጠርጥ፣ ትከሻውን ይሰብቅ፣ «በሉ ሳቁ» ይለን ነበር። ፔሎንፓ ግን ደህና ቦታ የወሰዳት መስሎታል። ቀልዱን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእሱ በፊት የድምፅ አልባ ፊልም ዘመኑ አሜሪካዊ ኮሜዲያን በስተር ኪተን ይቅደም። ኪተን ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ በትርኢቱ መሃል እንደ ዕቃ ይወረውረው ነበር። እሱ ሲስቅ ተመልካቹ እንደሚቀዘቅዝ፣ ኮስተር ሲል ደግሞ በሳቅ እንደሚፈርስ ያኔ ነው የገባው። «አንድ ሳምንት» (1920) የሚባለው አጭር ፊልሙ ይበቃናል። አዲስ ተጋቢዎች በሣጥን የመጣላቸውን ቤት ይገጣጥማሉ፤ አንድ ምቀኛ የሣጥኖቹን ቁጥር ቀይሮባቸዋል። ቤቱ ተጣሞ ይወጣል፣ የኪተን ፊት ግን ንቅንቅ አይልም። ይህን አይቶ ወዲያው ፔሎንፓን ያየ ሰው ከእኛ ማብራሪያ አይፈልግም።

አዲስ አባል፦
ጋሼ፣ በኪተን ተስማምቻለሁ። ግን ካውሪስማኪ ፈረንሳዊውን ዳይሬክተር ብሬሶንንና ጃፓናዊውን ዳይሬክተር ኦዙንም አብዝቶ የሚያነሳ ሰው ነው። እነሱ ደግሞ ለሳቅ የሚታወቁ አይደሉም። ያ ዝም ያለ ፊት ከብሬሶን የመጣ ቢሆንስ? ብሬሶን እኮ ሙያተኛ ተዋናይ ትቶ ተራ ሰው ነበር የሚያስቆመው፤ ስሜቱን እንዳያሳይም ይከለክለው ነበር።

ጸሐፊ፦
ይህ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት! የብሬሶን ዝምታና የኪተን ዝምታ ከውጭ ሲታዩ ያው ናቸው። አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው ቀልድ። ካውሪስማኪ ሁለቱን አንድ ፊት ላይ ያስቀምጥና የትኛው እንደሆነ እኛን ያስጨንቀናል። ራሱም ያውቀዋል። «የረገፉ ቅጠሎች» ላይ ሁለት ሰዎች የዞምቢ ፊልም አይተው ከሲኒማ ሲወጡ አንዱ ብሬሶንን፣ ሌላው ፈረንሳዊውን ዳይሬክተር ጎዳርን አስታወሰኝ ይላል። አንዳቸውም ፊታቸውን አይፈቱም።

አስተባባሪ፦
ረቂቄን ቀደድኩት። በፊቶቹ እንሂድ። ግን አምስት ፊት ስጡኝ፣ ዘጠኝ አይደለም።

ጸሐፊ፦
ሁለተኛ ምሽት፦ ፒርካ-ፔካ ፔቴሊየስ። በፊንላንድ ቴሌቪዥን በአጫጭር አስቂኝ ድራማ የታወቀ ሰው ነው። ካውሪስማኪ በ1987 «ሐምሌት በንግዱ ዓለም»ን ሲሠራ ሐምሌት ያደረገው እሱን ነው። ወራሹ ልዑል የኩባንያ ወራሽ ሆኗል፤ ኩባንያው ደግሞ ወደ ጎማ ዳክዬ ንግድ ሊገባ ነው። ሕዝቡ ሲያየው የሚስቅበትን ሰው አምጥቶ «አሁን አታስቅ» ማለት ራሱ ትልቅ ቀልድ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጥላው ሁሉ የድሮ የወንጀል ፊልም ይመስላል።

አንጋፋ አባል፦
«አሪየል» ቀረ ማለት ነው? እኔ እኮ ለ«አሪየል» ስል ነበር የመጣሁት። ይሁን። ቅሬታዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ሒሳብ ያዥ፦
ተይዟል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የማሳያ ፈቃድ የሚከፈለው በፊልም ነው። አምስት ምሽት ብላችሁ ስምንት ፊልም እንዳታመጡብኝ። የካውሪስማኪ ጥሩነቱ ፊልሞቹ አጫጭር መሆናቸው ነው። «የክብሪት ፋብሪካዋ ልጅ» 70 ደቂቃ አይሞላም። «የረገፉ ቅጠሎች» 81 ደቂቃ ነው። አዳራሹ በጊዜ ይለቀቃል።

አዲስ አባል፦
ስለ «የክብሪት ፋብሪካዋ ልጅ» አንድ ነገር ልበል። ኮሜዲ ነው እንዴ? እኔ አይቼው ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር። ካቲ ኦውቲነን የምትጫወታት ኢሪስ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ደመወዟን እናቷና የእናቷ ባል ይበሉታል፣ ጭፈራ ቤት ማንም አያስነሳትም። ከዚያ የሚደርስባትን አልናገርም። ስለ ኮሜዲ ውርስ ብለን ሰው ጠርተን ይህን ብናሳይ አንታማም?

አንጋፋ አባል፦
እንታማለን። ግን የአይጥ መርዝ የምትገዛበትን ቦታ አስታውስ። ምን ያደርጋል ብላ ትጠይቃለች። ሻጯ ይገድላል ትላታለች። ኢሪስ ደስ ይላታል። በቃ፣ ትዕይንቱ አለቀ። እኔ እዚያ ላይ ስቄ ራሴን ታዘብኩት። ዙሪያዬን አየሁ፣ ሌላውም እየሳቀ ራሱን ይታዘባል።

አዲስ አባል፦
ልክ ነዎት፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን አፍሬ ነበር።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው ኦውቲነን በራሷ አንድ ምሽት ይገባታል፤ ግን በየትኛው ፊልም? እኔ «ተንሳፋፊ ደመናዎች»ን (1996) እላለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ፊልሙ የታሰበው ለፔሎንፓ ነበር። ፔሎንፓ በ1995 በልብ ድካም በ44 ዓመቱ ሞተ። ካውሪስማኪ የእሱን ቦታ በሌላ ወንድ አልሞላውም፤ ታሪኩን ወደ ኦውቲነን አዞረው። የምግብ ቤት አስተናጋጆች ኃላፊ ነች፤ እሷም ባሏም ሥራ ያጣሉ። ቤታቸው ውስጥ የሞተ ልጃቸው ፎቶ አለ። ፎቶው የፔሎንፓ የልጅነት ፎቶ ነው።

ስለ ተዋናይ ምርጫ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሌለ ሰው እንኳ ተመርጦ ገብቷል።

የትርጉም ክፍል፦
ይህን አንብቤ ትንሽ ዝም አልኩ። ይግባልን።

አሁን የእኔን ችግር ስሙኝ። የግርጌ ጽሑፉን አማርኛ የማደርገው እኔ ነኝ። ፊንላንዶች የሚያወሩትና የሚጽፉት ቋንቋ በጣም ይራራቃል። የካውሪስማኪ ሰዎች ደግሞ ቆሻሻ መኪና ላይ ሆነውም የሚያወሩት የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ፊንላንዳዊ ተመልካች ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ይስቃል። እኛ «ምሳ እንብላ?» ብለን ከተረጎምነው ቀልዱ ሞተ። ስለዚህ «ከእኔ ጋር ምሳ ለመመገብ ፈቃድዎ ይሆን?» ዓይነት ማለት አለብኝ። ይህ ምሳሌ የራሴ ነው፣ ከፊልም የወሰድኩት አይደለም። ፍቅረኛሞቹ ሁሉ «እርስዎ» ይባባሉ? ወይስ «አንተ»፣ «አንቺ» ብዬ አረፍተ ነገሩን ብቻ ላኮሳትረው?

ሒሳብ ያዥ፦
«እርስዎ» ካልሽ ተመልካቹ ተርጓሚዋ ቋንቋ አትችልም ይላል።

የትርጉም ክፍል፦
እሱን ነው የፈራሁት።

አንጋፋ አባል፦
እኔ የምለው፣ ሲተዋወቁ «እርስዎ» ይሁን፣ ሲለማመዱ «አንቺ»። አረፍተ ነገሩ ግን እስከ መጨረሻው ከረባት ያሰረ ይሁን። የአራዳ ቃል አንድም እንዳይገባ። በመጀመሪያው ምሽት ወረቀት ላይ ደግሞ ነገሩን በሁለት መስመር እናስረዳ። ከዚያ ወዲያ ጥፋቱ የተመልካቹ ነው።

የትርጉም ክፍል፦
ተስማምቻለሁ። ከረባት ያሰረ አማርኛ። ስሙን ወደድኩት።

አስተባባሪ፦
አራተኛ ምሽት?

ጸሐፊ፦
«ለ አቭር» (2011)። ይህ ፊልም የተዋናይ ዝርዝሩ ራሱ የኮሜዲ ታሪክ ነው። የዋናውን ሰው በሽተኛ ሚስት የሚያክማት ዶክተር ፒየር ኤቴ ነው። ኤቴ ሰርከስ ላይ የሠራ ክላውን ነበር፤ ፈረንሳዊው የኮሜዲ ዳይሬክተር ዣክ ታቲ «አጎቴ»ን (1958) ሲሠራ ረዳቱ ሆኖ ቀልድ ይፈጥርለት ነበር። ካውሪስማኪ ይህን ሰው አምጥቶ ነጭ ጋውን አለበሰውና መጥፎ ዜና እንዲናገር አደረገው። አንዲት ቀልድ የለውም። ግን ያ ፊት ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ ታቲም አብሮ ገብቷል።

ዣን-ፒየር ሊዮም አለ። በ1959 በፈረንሳዊው ዳይሬክተር በትሩፎ ፊልም ላይ ተመልካች ሁሉ የወደደው ልጅ ነበር። እዚህ ጎረቤቱን ለፖሊስ የሚጠቁም ሽማግሌ ሆኗል። ዋናው ሰው አንድሬ ቪልምስ ደግሞ ማርሴል ማርክስን ይጫወታል። ማርሴል ማርክስ በ1992 «የቦሄም ሕይወት» ላይ ጽሑፉ ያልተነበበለት ደራሲ ነበር፤ ያኔም የተጫወተው ቪልምስ ነው። ከ19 ዓመት በኋላ ያው ሰው፣ ያው ስም፣ ጫማ ጠራጊ ሆኖ መጣ። የሚስቱ ስም አርሌቲ ነው፣ የድሮዋ ፈረንሳዊት ተዋናይት ስም። የምትጫወታት ማን ናት? ኦውቲነን።

አዲስ አባል፦
ይህን ሁሉ የማያውቅ ተመልካችስ? ኤቴን በስም እንኳ የማያውቅ?

ጸሐፊ፦
ምንም አይጎድልበትም፤ አንድ ስደተኛ ልጅ የሚደብቅ ጫማ ጠራጊ ያያል። ለዚህ ምሽት ግን ከፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ ንግግር ይኑረን። ከዚያ በላይ አይሁን፣ ራሴን ስለማውቅ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
አሥር ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል። ሰዓት እይዛለሁ።

አስተባባሪ፦
አምስተኛው «የረገፉ ቅጠሎች» እንደሆነ እገምታለሁ። አልማ ፖይስቲና ዩሲ ቫታነን። የድሮዎቹ ፊቶች የሉም።

አዲስ አባል፦
እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ቫታነን ፊንላንድ ውስጥ በኮሜዲ ፊልም የታወቀ ተዋናይ ነው። ፔቴሊየስ ላይ ያደረገውን ከ36 ዓመት በኋላ ደገመው ማለት ነው፤ የሚያስቀውን ሰው አምጥቶ ዝም አሰኘው። ሁለተኛውና አምስተኛው ምሽት በዚህ ይገናኛሉ። ውሻዋንም አንርሳ። ካውሪስማኪ የራሱን ውሾች ነው ፊልም ላይ የሚያወጣው። በመጨረሻ የውሻዋ ስም ሲነገር ደግሞ ቻፕሊን ይባላል፣ ከዚያ ሦስቱ እየሄዱ…

የትርጉም ክፍል፦
ኧረ! ስፖይለር! እኔ እስካሁን አላየሁትም እኮ!

አዲስ አባል፦
ይቅርታ እህቴ። ተርጓሚዋ ያላየችው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

የትርጉም ክፍል፦
ቆጥቤው ነበር። ለማንኛውም የውሻዋ ስም ማስታወቂያው ላይም ወረቀቱ ላይም እንዳይጻፍ። ሌላውም እንደ እኔ እንዳይቃጠል።

አንጋፋ አባል፦
ውሻ ከተነሳ፣ «ያለፈ ታሪክ የሌለው ሰው»ን እንዴት ትተውታላችሁ? ኦውቲነን በካን ፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ያገኘችበት ነው። እዚያ ላይ ጥበቃው ሰው በላ ነው እያለ የሚያስፈራራበት ሃኒባል የሚባል ውሻ አለ። ሃኒባልን የተጫወተችው ታህቲ የምትባል ገራም ሴት ውሻ ናት፤ ሰው እግር ሥር ሄዳ ትተኛለች። የተዋናይ ምርጫ ማለት ይኸ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ስድስተኛ ፊልም የለም ብያለሁ። ኪተንን አጭር ስለሆነ ነው ያለፍኩት።

አስተባባሪ፦
ተጠባባቂ እናድርገው። የ«ሐምሌት» ፈቃድ ካልተገኘ እሱ ይገባል። ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

አንጋፋ አባል፦
ይስማማኛል። ፈቃዱ እንዳይገኝ ግን አልጸልይም አልልም።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ለሥራ አስፈጻሚው የሚገባው ይህ ነው። ቃል ያልተመቸው አሁን ይናገር።

«የፕሮግራም ክፍሉ በአኪ ካውሪስማኪ ፊልሞች ላይ የአምስት ምሽት ዝግጅት እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ፊልሞቹ የተመረጡት በተዋናዮቹ ነው። ዳይሬክተሩ ከኪተን፣ ከቻፕሊንና ከታቲ የወረሰው ኮሜዲ የሚታየው ከንግግሩ ይልቅ በመረጣቸው ፊቶች ነው ብለን እናምናለን።

አንደኛ ምሽት፣ ማቲ ፔሎንፓ፦ «አንድ ሳምንት» እና «ጥላዎች በገነት»። ሁለተኛ ምሽት፣ ፒርካ-ፔካ ፔቴሊየስ፦ «ሐምሌት በንግዱ ዓለም»፤ ተጠባባቂ «ያለፈ ታሪክ የሌለው ሰው»። ሦስተኛ ምሽት፣ ካቲ ኦውቲነን፦ «ተንሳፋፊ ደመናዎች»። አራተኛ ምሽት፣ ፒየር ኤቴ፦ «ለ አቭር»፣ ከአሥር ደቂቃ ንግግር ጋር። አምስተኛ ምሽት፣ አልማ ፖይስቲና ዩሲ ቫታነን፦ «የረገፉ ቅጠሎች»። የግርጌ ጽሑፉ በመደበኛ አማርኛ ይሆናል፤ ምክንያቱ በመጀመሪያው ምሽት ወረቀት ይብራራል።»

አዲስ አባል፦
«የክብሪት ፋብሪካዋ ልጅ» የለም? እኔ እኮ እንዲገባ ለመከራከር እየተዘጋጀሁ ነበር።

አስተባባሪ፦
አንተ አይደለህ ኮሜዲ አይደለም ያልከው?

አዲስ አባል፦
ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት።

ሒሳብ ያዥ፦
ስድስተኛ ፊልም የለም።

ጸሐፊ፦
ሦስተኛው ምሽት ውይይት ላይ ስለ አይጥ መርዙ አንተ ትናገራለህ። አምስት ደቂቃ። በቃል፣ ያለ ፊልም።

አዲስ አባል፦
ሳልስቅ?

ጸሐፊ፦
ሳትስቅ።