ፍላጎቱ አለቀ ወይስ እንቅልፍ ጣለው?

ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ላይ ግራ ገብቶኝ ነው የጻፍኩት። ሰዎች እንደ ዳያዜፓምና ትራያዞላም ያሉ የሚያረጋጉና የሚያስተኙ መድኃኒቶችን ለማግኘት ምን ያህል እንደሚለፉ መለካት እፈልጋለሁ።

የመረጥኩት ዘዴ ተመራማሪው ሆዶስ እ.ኤ.አ. በ1961 በአይጦች ላይ ያስተዋወቀውን ነው። ለመጀመሪያው የመድኃኒት መጠን ጥቂት ጊዜ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ለቀጣዩ ልፋቱ ይጨምራል። ተሳታፊው «በቃኝ» ብሎ የሚያቆምበት ነጥብ የፍላጎቱ መለኪያ ይሆናል።

ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ እጅ ያዝላል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ታዲያ ሰውየው ሲያቆም ፍላጎቱ አልቆ ነው ወይስ አቅም አጥቶ? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። በአነቃቂ መድኃኒቶች ላይ እንዲህ አያስቸግርም ነበር።

መጀመሪያ ሥራውን ጨርሶ ያገኘውን በሙሉ መጨረሻ ላይ ይውሰድ ብዬ አሰብኩ። ግን መጠኑን አስቀድሞ ቀምሶ ማወቅ አለበት። እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ትውስታን ያደበዝዛሉ። በማግስቱ ስሜቱን በደንብ ካላስታወሰ በምን ላይ ተመሥርቶ ይለፋል?

ልፋቱን ትቼ በመድኃኒቱና በገንዘብ መካከል ላስመርጠው? ወይስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ልሥራ? በዚህ ያለፋችሁ፣ የእንቅልፉን ጫና ከፍላጎቱ እንዴት ለያችሁት?