የልጆች መኝታ ክፍል በጎንደር፦ ምኑን ከመደብር፣ ምኑን ከአናጺ?

ጥያቄ፦

በማራኪ በኩል ያሠራነው ቤት አልቆልን ለመግባት ተቃርበናል። ለልጆች ሁለት ክፍል ለይተናል። አንዱ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄ የምትተኛበት ነው፤ ሌላው የስድስትና የሦስት ዓመት ወንዶች ልጆቼ ነው። ግድግዳው የተለሰነው በቅርቡ ነው። አልጋና ቁም ሳጥን በስብስብ ከሚሸጥ መደብር ልግዛ ወይስ አናጺ ላሠራ? ቀለምስ የቱ ይሻላል? ባለቤቴ «ሁሉንም ከአዲስ አበባ አስጭነን እንገላገል» ይላል። የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከአራዳ፦

እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ባለቤትሽ መገላገል መፈለጉን አልነቅፍም። ነገር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተንገላትቶ የመጣ ቁም ሳጥን ማዕዘኑ ሳይላጥ ከደረሰ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከተላጠ ደግሞ ለማን ትመልሱታላችሁ? የእኔ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ቀለምና ፍራሽ የፋብሪካ፣ አልጋና መደርደሪያ የጎንደር አናጺ፣ የሚደረበውና የሚነጠፈው የሸማኔና የገበያ። ገንዘቡ የልጁ ገላ በሚነካው ነገር ላይ ይዋል፤ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከቀለሙ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚያ ላይ ነውና። አዲስ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ ቀለም አታስነኪው። የሲሚንቶ ልስን ከላይ ነጥቶ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው እርጥበት ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል፤ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ አራት ሳምንቱም አይበቃም። ለመፈተን አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተሽ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊውና ይደር። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ቀቢውን «ቆይ» በይው፤ ቢያኮርፍም ይመለሳል።

ቀቢው «የዘይት ቀለም ይሁን፣ ይታጠባል» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፣ ይታጠባል። ለበርና ለመስኮት ብረት ይሁንለት። ለሚተኙበት ግድግዳ ግን የውሃ ቀለም እመርጣለሁ፤ ሽታው ቶሎ ይወጣል፣ የግድግዳውንም እርጥበት አያፍንም። የልጅ እጅ የሚደርስበትን፣ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍ የሚለውን ክፍል ብቻ የሚታጠብ የውሃ ቀለም አስቀቢው። ሦስት በአራት የሆነ ክፍል፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር ከሆነ፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 35 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር በደህና ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ ሰባት ሊትር ግድም፣ ማለትም ሁለት ጋሎን ይበቃል። አዲስ ልስን ግን ይጠጣል፤ ከሥር የሚቀባውን የመጀመሪያ እጅ ለብቻው አስቢው። አራትና አምስት ጋሎን የሚያዝዝሽ ቀቢ ካለ የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የሊድ ጉዳይ ነው። ይህ የእርሳስ ብረት የልጅን አንጎል ይጎዳል፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ የተላጠ ቀለም ወደ አፉ ከመውሰድ አይመለስም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳያልፍ ገድቧል። ሊድ በዝቶ የሚገኘው በደማቅ ቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ የዘይት ቀለም ነው፤ ለልጆች አልጋ የሚመረጡትም እነዚሁ መሆናቸው ይገርማል። ስለዚህ ካዲስኮም ይሁን ነፋስ ስልክ ወይም ሌላ፣ ታሽጎ የፋብሪካው ስምና የምርት ቀኑ የተጻፈበትን፣ ከሊድ ነፃ መሆኑን የሚገልጸውን ግዢ። ተቀንሶ በሃይላንድ የሚሸጠውን፣ ምንም ቢረክስ፣ ለልጆች ክፍል አታስገቢ።

አሁን ወደ አልጋው። ሦስት አማራጭ አለሽ።

የመደብሩ ስብስብ፦ ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ (የተፈጨ እንጨት በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚወጣ ሰሌዳ) የተሠራ አልጋ፣ ኮመዲኖና ቁም ሳጥን፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ሮዝ። ያምራል፤ ጠዋት ገብቶ ማታ ይተኛበታል። የሚጠላው ግን ውሃ ነው። እኛ ቤት ወለል በውሃ ይታጠባል፣ የሦስት ዓመት ልጅም ሌሊት ይሸናል፤ እግሩ አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ ያብጥና አይመለስም። ለማዘዋወር ተፈትቶ ሲገጠም ደግሞ ብሎኑ የያዘበት ቀዳዳ ይላላል። አዲስ ሲሆን የሚሸተው ማጣበቂያው ነውና ከገዛሽው ልጆቹ ሳይገቡበት መስኮት ከፍተሽ ለብዙ ቀናት አናፍሽው።

አናጺው፦ በቅዳሜ ገበያና በአራዳ ዙሪያ ዞር ዞር ብለሽ የእንጨት ሥራ ቤቶቹን እይ፤ ስትገቢ ያለቀውን ሳይሆን በመሠራት ላይ ያለውን አልጋ አሳዩኝ በይ። ያለቀው ቫርኒሽ ለብሷል፣ ጉዱ አይታይም። ማዕዘኑ ላይ እንጨቱ በእንጨት ተሰክቶ በኮላ ተያይዟል ወይስ በምስማር ብቻ ተመትቷል? በምስማር የተመታው ልጆቹ ዘለው ዘለው በዓመቱ ይጮህብሻል። ዋንዛ ካገኘሽ ከእርሱ አትለፊ፤ ለመሥራት የተመቸ ነው፣ መልኩም በቫርኒሽ ደምቆ ያምራል። ባሕር ዛፍ ይረክሳል፣ ጠንካራም ነው፤ እርጥቡን ከሠሩልሽ ግን ቤትሽ ገብቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የጣውላውን ጫፍ እይ፤ እጅሽን ስታሳርፊበት ከቀዘቀዘሽና ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ ከከበደ ገና እርጥብ ነው።

ውሉን በወረቀት አድርጊው። የአልጋው ልክ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የሚረከቡበት ቀን ይጻፍ፤ ቀብድም ከግማሽ አይለፍ። ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ግን አናጺ ሁሉ የሙሽራ አልጋ ላይ ተጠምዷል፤ የልጅ አልጋ ወደ ኋላ ትገፋለች። አንድ ጎረቤቴ ለሴት ልጁ የአልጋዋን ራስጌ በእንቁላል ግንብ፣ ማለትም በዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ቅርጽ፣ ከነአራት ክብ ማማዎቹ፣ ከጣውላ አስቆርጦላታል። ከየትም ከተማ የማይመጣ ነገር ይህ ነው። ማማዎቹ ጫፋቸው ድቡልቡል ስለሆነ ግንባር አይወጉም፤ አናጺው በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ እስኪለሰልስ ፍቆታል።

ብየዳ ቤት፦ ለወንዶቹ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ ብረት) የሚሠራ ተደራራቢ አልጋ። ቦታ ይቆጥባል፣ ከሁሉም ይረክሳል፣ ትኋንም እንደ እንጨት ስንጥቅ መደበቂያ አያገኝበትም። ግን ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛም፤ የአንቺ ትልቁ ገና አፋፉ ላይ ነው። መከላከያው ብረት ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። ከፍራሹ በላይ ነው የምልሽ፣ ከአልጋው ርብራብ አይደለም! በያጁ 25 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ሠርቶልሽ አንቺ 15 ሴንቲ ሜትር ፍራሽ ብታስቀምጪበት የሚተርፈው 10 ብቻ ነው፤ ልጁ ሲገላበጥ ይሻገረዋል። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ9 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሰውነት አልፎ ጭንቅላት የሚቀረቀርበት ክፍተት ከመውደቅ የከፋ ነው። በበኩሌ ትንሹ እስኪያድግ ሁለት ዝቅ ያሉ የእንጨት አልጋዎች አሠራላቸዋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብረቱ ራሱ ይበርዳል።

ፍራሽ ላይ አትከራከሪ፣ መዝኚ። የስፖንጅ ፍራሽ ጥራቱ በጥግግቱ ነው፣ ጥግግት ደግሞ በኪሎ ይታወቃል። 90 በ190፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ «ባለ 20 ነው» (አንድ ሜትር ኩቡ 20 ኪሎ ማለት ነው) ከተባልሽ ስፖንጁ ብቻ 5 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ሦስት ኪሎ ከሆነ ሻጩ ዋሽቷል፤ በጥቂት ወራት መሐሉ ይሰምጣል። ሚዛን የእህል ነጋዴው ዘንድ አለ፣ አይከለክልሽም። የጥጥ ፍራሽ የሚወዱ አሉ፤ ከመተማ በኩል ጥሩ ጥጥ ስለሚመጣ አይፈረድባቸውም። ለጀርባ ጥሩ ነው፣ ይሞቃልም፤ ነገር ግን በየጊዜው ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማናፈስና ማስነደፍ ይፈልጋል። የሚሸና ልጅ ላለበት አልመክርም፣ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም።

ለመደረቢያ ከውጭ የመጣውን አብረቅራቂ ብርድ ልብስ ተዪውና ሸማኔ ጋ ሂጂ። ለልጅ ልክ ቡልኮ አሠሪ፤ ለትልቅ ሰው ከሚሠራው አሳጥሮና አጥብቦ፣ ጥለቱን ልጆቹ በመረጡት ቀለም ያደርግልሻል። ወለል ላይ ከአልጋው ሥር አጎዛ ይነጠፍ። ስትገዢ አሽትቺው፤ በደንብ ያልለፋ ቆዳ ክረምት ሲገባ ይሸታል፣ ቁንጫም ይጋብዛል። ለአሻንጉሊት ማስቀመጫ የፕላስቲክ ሳጥን ከመግዛት ትልቅ ቅርጫት ይሻላል፤ የአለላው ስፌት ለዓይን ደስ ይላል፣ ልጅ ቢወድቅበትም አይጎዳውም።

ለግድግዳው ተለጣፊ ሥዕል ርካሽ ነው፤ ሲነሣ ግን ቀለሙን ይዞ ይነሣል፣ በተለይ አዲስ ግድግዳ ላይ። በእጅ የሚሥል ሠዓሊ በከተማችን አይጠፋም፤ ችግሩ ሁሉም ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ ያደገ ስለሆነ ኮርኒሱ ላይ የመላእክት ፊት መደርደር ያምረዋል። ለቤተ ክርስቲያን ያማረ ነገር ሌሊት ለነቃ የሦስት ዓመት ልጅ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ዓይን ቁልቁል ሲያየው! የስሜንን ዋልያና ጭላዳ ግድግዳው ላይ ይሣልላቸው፣ ኮርኒሱ ነጭ ይቅር። ከሁሉ የሚረክሰውና የሚጠቅመው ግን የፊደል ገበታ ነው፤ ለትንሹ በዓይኑ ቁመት ልክ ስቀይለት። የወለቃ ሸክላ ምስሎች ለሴት ልጅሽ መደርደሪያ ያምራሉ፤ ወንዶቹ ክፍል ግን አንድ ሳምንት አይቆዩም።

ሌላ መልስ፣ ከአዘዞ፦

እህታችን፣ የአራዳዋ እመቤት ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ። ኤምዲኤፍን ግን አለቅጥ አሳነሱት። አልጋው የእንጨት ይሁን፤ ቁም ሳጥን ግን አይዘለልበትም፣ አይሸናበትም። ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ በሚል የብረት እግር ላይ ካቆሙት የኤምዲኤፉ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የዋንዛ ቁም ሳጥን ማሠራት ደግሞ የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

ዋናው ነገር ከምን መሠራቱ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ መታሰሩ ነው። ልጅ መሳቢያዎቹን ከፍቶ እንደ ደረጃ ይወጣባቸዋል፤ ያኔ ቁም ሳጥኑ በላዩ ይገለበጣል። ከላይ በሁለት ቦታ በክርን ብረትና በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዝ ማሰሪያ) ይታሰር። ቤትዎ በብሎኬት የተሠራ ከሆነ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ልስኑን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ሲጎተት ከነልስኑ ይወጣል። ረጅሙን ይምረጡ፣ ወይም ቀዳዳው በሁለት ብሎኬቶች መገናኛ ላይ ባለው ቡኬት (የሲሚንቶ ማያያዣ) ላይ ይሁን። ማሰሪያውን ከገጠሙ በኋላ በሙሉ ጉልበትዎ ጎትተው ይሞክሩት።

እንደ እኛ ወደ አዘዞ ዝቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ደግሞ አልጋው ሲሠራ የአጎበር ማንጠልጠያ አብሮ ይታሰብ። አራት ዘንግ በአራቱ ማዕዘን ማስተከል ኋላ ኮርኒስ ከመቅደድ ያድናል።

ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልጋውን ላሠራ ወስኛለሁ፤ ባለቤቴም የ5 ኪሎውን ነገር ሲሰማ ፍራሹን ራሱ ልመዝን ብሏል። አንድ የቀረኝ መጋረጃ ነው። የሴት ልጄ ክፍል ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ትፈራለች።

መልስ፣ ከአራዳ፦

መጋረጃው ሁለት ድርብ ይሁን፤ ከመስኮቱ በኩል ስስ፣ ከውስጥ ወፍራም ጥጥ። ጨርቁን ራስሽ ግዢና ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው፤ ተሰፍቶ ከሚሸጠው ይረክሳል፣ ልኩም ልክ ይሆናል። ስፋቱ የመስኮቱን ሁለት እጥፍ ይሁን፣ አለበለዚያ ሲዘጋ ተወጥሮ ያስጠላል። ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁን እጠቢው፤ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራል። በገመድ የሚሳብ ዓይነት ለልጆች ክፍል አታስገጥሚ፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ለመብራቱ ሻማ በፍጹም። በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ ፋኖስ ገዝተሽ ቀን መስኮቱ ላይ ይዋል፣ ማታ ራስጌዋ ላይ ይቀመጥ። የሚያበራውም የሚያጠፋውም እሷ ትሁን።