ቡና ቆልቼ ስሞክ ዲቴክተሩ አልቆም አለኝ!

የሜሪላንዷ፦
ያላችሁ ፍጠኑልኝ! ቡና ቆልቼ ኮሪደሩ ላይ ያለው ስሞክ ዲቴክተር (የጭስ ማንቂያው) ይጮሃል። መስኮት ከፈትኩ፣ በፎጣ አራገብኩ። ጋብ ይልና እንደገና ይጀምራል። እንግዶቼ ሳሎን ናቸው፣ ልጅ ተኝቷል። ባትሪውን ላውጣው?

ባለታክሲው፦
እንዳታወጪው! መሃሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኚው። ለተወሰነ ደቂቃ ዝም ይላል።

ኤሌክትሪሻኑ፦
እህቴ፣ ከምድጃው ምን ያህል ይርቃል? አልጻፍሽም። ቢያንስ 10 ጫማ፣ 3 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ዓይነቱም ወሳኝ ነው። አንዱ አዮናይዜሽን ይባላል። ውስጡ በጣም ጥቂት አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለ። እሱ በአየሩ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ያደርጋል። ጭስ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ይቀንስና ይጮሃል። ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣን ነው፤ ለምጣድና ለቡና ጭስም ቶሎ ይደነግጣል። ሌላው ፎቶኤሌክትሪክ ነው። ጭስ ሲገባ የውስጡ ብርሃን ተበትኖ መቀበያው ላይ ያርፋል። ሶፋ ወይም ፍራሽ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቀድሞ የሚያውቀው ይሄ ነው። ለኩሽና አቅራቢያም ይሄኛው ይሻላል። ጀርባውን እዪ፤ አሜሪሲየም የሚል ካለበት የመጀመሪያው ነው።

እማማ ጀበና፦
ቁልፉን ተጫኚው ልጄ። እኔ ዘንድ ዕጣን ሳጨስ ሁሌ ይጮሃል። ቡና ጠጡ ሳልል እሱ ጎረቤት ይጠራልኛል 😀

ነርሷ፦
ዲቴክተሩ ምን አጠፋ? ጭስ አገኘ፣ ጮኸ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ ከፍተሻል? ይልቅ በከሰል ከሆነ የቆላሽው አሁኑኑ ንገሪን። ቤት ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያመጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስሞክ ዲቴክተር አያውቀውም። ለእሱ የራሱ አላርም አለ፤ መኝታ ክፍሎች አጠገብ ይደረጋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ልጁን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ።

ባለታክሲው፦
ወንድሜ ኤሌክትሪሻኑ፣ ኩሽና ውስጥ የሙቀት ዲቴክተር ቢሰቀልስ?

ኤሌክትሪሻኑ፦
ይሆናል፣ ግን ተጨማሪ ነው እንጂ ምትክ አይደለም። እሱ ጭስ አያውቅም። ብዙዎቹ ሙቀቱ 135 ፋራናይት ገደማ ሲደርስ ነው የሚጮኹት፤ ሙቀት በድንገት ሲጨምር የሚጮኹም አሉ። ለኩሽናና ለጋራዥ ጥሩ ነው። መኝታ ቤት ግን በእሱ አትተማመኑ! ሙቀቱ እስኪደርስ የተኛው ሰው በጭስ ይታፈናል። በየመኝታ ክፍሉ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጪና በየፎቁ ስሞክ ዲቴክተር ይኑር።

የሜሪላንዷ፦
በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የቆላሁት። ቁልፉን ተጫንኩት፣ ዝም አለ። እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ግን በየደቂቃው ጢ ይላል።

እማማ ጀበና፦
መስኮቱን ክፈቺው ልጄ።

ባለታክሲው፦
ባትሪ ነው። ቀይሪው።

ኤሌክትሪሻኑ፦
አዎ፣ መጀመሪያ ባትሪ። ተቀይሮም ጢ ካለ ዕድሜው ሳያልቅ አይቀርም። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ፤ 10 ዓመት ካለፈው ዲቴክተሩ ራሱ ይቀየር። ተከራይ ከሆንሽ ለአከራዩ ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቂ። ቀኑ ስንት ይላል?